የሪል መቀመጫ ከምን ይሠራ? ቁሱን ከጎረቤቱ ጋር ምረጡ

በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ይዞ መጣ። "በናትህ ይቺን ነገር ፍታልኝ" አለኝ። ሪሉ፣ ማለትም ክሩ የሚጠመጠምበት መንኮራኩር፣ ዘንጉ ላይ ከሚታሰርበት መቀመጫ አልወጣ ብሎታል። ዳዶውን በእጄ ጨምድጄ ሞከርኩ። ንቅንቅ የለም። ሙቅ ውሃ አፈሰስኩበት። ዘይት ጠብ አድርጌ አሳደርኩት። በማግስቱ ወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬ በፒንሳ ስይዘው ሩብ ዙር ሄደና ቆመ። ጥርሶቹ መሃል ነጭ ዱቄት ይታያል። መጀመሪያ ጨው መስሎኝ ነበር። በጥፍሬ ስፍቀው ግን ጨው አይደለም። አሉሚኒየሙ ራሱ ተበልቶ ዱቄት ሆኗል።

መቀመጫውን ማዳን ስላልተቻለ በቀጭን መጋዝ ቁመቱን ሰንጥቄ አወጣሁት። ዋናው ነገር ያለው ውስጡ ነበር። ዘንጉ ካርቦን ፋይበር ነው። ሲሠራ ማጣበቂያው ሁሉም ቦታ አልደረሰም። ማጣበቂያ የሸፈነው የአሉሚኒየም ክፍል ዛሬ ከሳጥን የወጣ ይመስላል። ማጣበቂያ ያልደረሰውና ካርቦኑን የነካው ክፍል ግን ተቦርቡሮ ነጭ ቅርፊት አውጥቷል። ቱቦው ያው አንድ ቱቦ ነው፤ የገባበት ባሕርም ያው አንድ ባሕር ነው። የተለየው አጠገቡ ያለው ነገር ብቻ ነው።

"የትኛው ቁስ ይሻላል?" ተብዬ ስጠየቅ መልሴ ከዚህ ይነሳል። ቁስ ለብቻው ጥሩ ወይም መጥፎ አይባልም። ጎረቤቱ መታየት አለበት። የሪል መቀመጫ አራት ጎረቤቶች አሉት፦ የሚገባበት ውሃ፣ ከሥሩ ያለው ዘንግ፣ ላዩ ላይ የሚታሰረው ሪል፣ እና የሚይዘው እጅ። ብዙ ሰው ግን በቀለሙ ይመርጣል። ቀለሙ ደስ ቢል አልቃወምም፤ ዘንግ በእጅ የሚሠራው ደስ እንዲልም ጭምር ነው። ቀለሙ የመጨረሻው ጥያቄ ይሁን እንጂ።

ስለምንጠራቸው ስሞች እንስማማ። እጀታም ሆነ የክር ቀለበት ያልገባለትን ራቁቱን ዘንግ ብላንክ እለዋለሁ። ሪሉ ከታች ሁለት ጫፍ ያለው እግር አለው። መቀመጫው ደግሞ ሁለት ቆብ አለው። አንዱ የተተከለ ነው፣ ሌላው ይንሸራተታል። የእግሩን አንድ ጫፍ በተተከለው ቆብ ሥር ታስገባላችሁ። ሌላውን ጫፍ በሚንሸራተተው ትሸፍናላችሁ። ከዚያ ዳዶውን ታጠብቃላችሁ። በቆቦቹ መሃል ያለውን ቱቦ ገላ እንበለው። ገላውና ቆቡ የግድ አንድ ቁስ አይደሉም። በፍላይ ዘንግ (ዝንብ መሳይ ማታለያ በሚወረወርበት ዘንግ) ላይ የእንጨት ገላ ከብረት ቆብ ጋር የቆየ ልማድ ነው።

ግራፋይት የሚባለው

ገበያ ላይ "ግራፋይት" የሚባለው መቀመጫ ንጹሕ ግራፋይት አይደለም። በአብዛኛው ናይለን ነው። ውስጡ የተቆራረጠ የካርቦን ወይም የመስታወት ጭረት ተደባልቆበት ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ይፈሳል። ስለዚህ በዋናነት ፕላስቲክ ነው፤ ጠንካራና ጥሩ ፕላስቲክ። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ፕላስቲክ አይዝግም። ጨው አይበላውም። ቀላል ነው። በብርድ እጅ አያቃጥልም። በእጅ መዳፍ ልክ ተጠማዝዞ ሊቀረጽ ይችላል። ብረትን እንደዚያ ለመቅረጽ ብዙ የቶርኖና የማሽን ሥራ ይጠይቃል።

ጉድለቱም ከፕላስቲክነቱ ይመጣል። ከመጠን በላይ ያጠበቃችሁት ዳዶ ጥርሱ ይበላል። ትልቅ የባሕር ዓሣ ሲጎትት ሪሉ ወደ ጎን ሊጠመዘዝ ይፈልጋል። ያንን ኃይል የሚሸከሙት ሁለቱ ቆቦች ናቸው። ቆቡ ስስ ፕላስቲክ ከሆነ ይከፈታል። የተሻሉት መቀመጫዎች በቆባቸው ውስጥ ስስ የስቴንለስ ሽፋን የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ስትገዙ ቆቡን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉት። እንደ ጠርሙስ ክዳን እጥፍ ካለ ለቀላል ዘንግ ብቻ ይሁን።

ሌላ ያልተወራለት ነገር አለ። ናይለን በማጣበቂያ በቀላሉ አይያዝም። ውስጡ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ አንዳንዴም የሚያንሸራትት ቅባት ይቀርበታል። በብርጭቆ ወረቀት ካልሻከረ ማጣበቂያው እንደ ቅርፊት ተላጦ ይወጣል። ለግራፋይት መቀመጫ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እርሳስ ላይ ጠቅልዬ ውስጡን በደንብ እቧጭራለሁ። መልኩ ከሚያብረቀርቅ ጥቁር ወደ ደብዛዛ ግራጫ እስኪቀየር ድረስ አላቆምም።

ለስፒኒንግ (ሪሉ ከዘንጉ ሥር ለሚንጠለጠልበት) ዘንግና ለካስቲንግ (ሪሉ ከላይ ለሚቀመጥበት፣ ከሥሩ እንደ ጠመንጃ የጣት ምላጭ ላለው) ዘንግ፣ የመጀመሪያችሁም ከሆነ፣ ግራፋይት ያዙ። አትጸጸቱም።

አሉሚኒየም፦ ጥንካሬው ከቆዳው ነው

አሉሚኒየምን እወደዋለሁ። በቶርኖ የተላገ የአሉሚኒየም መቀመጫ ጥርሱ ሲገጥም የሚሰማችሁ ልስላሴ ፕላስቲክ ላይ የለም። ለትልቅ ዓሣ፣ በጀልባ ለሚጎተት ከባድ ዘንግ፣ ሁለት ዳዶ ያለው ወፍራም የአሉሚኒየም መቀመጫ ተገቢው ምርጫ ነው። አንዱ ዳዶ ያጠብቃል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይቆልፋል።

አሉሚኒየም ራቁቱን ግን ወደ ባሕር አይወርድም። ቆዳ ያስፈልገዋል። አኖዳይዝድ የሚባለው ይህ ቆዳ ነው። ብረቱ በአሲድ መታጠቢያ ውስጥ ሆኖ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት፣ ከራሱ ከአሉሚኒየሙ ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን ያድጋል። ቀለም አይደለም፤ አይላጥም። ቀለሙ የሚገባው በዚያ ሽፋን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ከዚያ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። የተለመደው አኖዳይዝድ ከ5 እስከ 25 ማይክሮን ውፍረት አለው። "ሃርድ" የሚባለው እስከ 50 ማይክሮንና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሃርዱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ነው። ስለዚህ የሚያብረቀርቀው ቀይና ሰማያዊ ሁልጊዜ ጠንካራው አይደለም።

ቆዳው ከተጫረ ውሃው ሥጋውን ያገኛል። ቶሎ የሚጫረው ደግሞ ጥርሱ አካባቢ ነው። አሸዋ ገብቶ ዳዶውን ስታዞሩ የምትሰሙት "ቅርጭጭ" የሚል ድምፅ የቆዳው መጫር ነው። በውሃ ታጠቡት፣ ከዚያ አዙሩት።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ዘንግ ልመለስ። ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አሉሚኒየምና ካርቦን ተነካክተው ጨው ውሃ ሲገባባቸው ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ። በዚያ ባትሪ ውስጥ የሚበላው ሁልጊዜ አሉሚኒየሙ ነው፤ ካርቦኑ ምንም አይሆንም። ጋልቫኒክ የሚባለው መበላት ይህ ነው። ጨው አልባ ውሃ ላይ በጣም ቀርፋፋ ነው። ባሕር ላይ ይፈጥናል። መፍትሔው አሉሚኒየምን መተው አይደለም። በመሃላቸው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር ማስገባት ነው። ሙሉውን ክፍተት የሞላ ኢፖክሲ (ከሁለት ክፍል የሚደባለቅ ማጣበቂያ) ያንን ይሠራል። የፋይበርግላስ ብላንክ ካላችሁ ይህ ጭንቀት የለባችሁም፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ያው ነገር ከላይም አለ። የአሉሚኒየም ቆብ የሪሉን እግር ይነካል። እግሩ አሉሚኒየም ከሆነ እሰየው። የስቴንለስ ብሎን ወይም ሽፋን ካለው ደግሞ ሌላ ባትሪ ነው። ሪሉን ከመቀመጫው ሳትነቅሉ ወራት አታቆዩት።

ስለ ብርዱም ልበል። አሉሚኒየም ሙቀትን ከናይለን ከመቶ እጥፍ በላይ በፍጥነት ያስተላልፋል። በብርድ ማለዳ ባዶ እጅ የያዘ ሰው ጣቱ ይደነዝዛል። ጣት ሲደነዝዝ የዓሣው ንክሻ አይሰማም። ለክረምት ዘንግ እጅ የሚነካው ክፍል ብረት አይሁን። ፍላይ ዘንግ ላይ እጅ የሚይዘው ቡሹን እንጂ መቀመጫውን ስላልሆነ እዚያ ብረት አያስቸግርም።

ኒኬል ሲልቨር፣ ታይታኒየም፣ ስቴንለስ

ኒኬል ሲልቨር ስሙ ብር ቢልም ብር የለበትም። አብዛኛው መዳብ ነው፤ ኒኬልና ዚንክ ይጨመርበታል። የድሮ የቀርከሃ ፍላይ ዘንጎች መገጣጠሚያና ቀለበት ከዚህ ይሠራል። ሲወለወል ሞቅ ያለ ነጭ ነው። ሲቆይ ይወይባል፤ ላብና እርጥበት ሲያገኘው አረንጓዴ ያወጣል። ውበቱ ለእኔ እዚያ ላይ ነው። በቀላሉ ይላጋል፤ በቆርቆሮ ብየዳ ይያያዛል። ግን ከባድ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 8.7 ግራም ገደማ ይመዝናል። አሉሚኒየም 2.7 ነው።

ታይታኒየም 4.5 ገደማ ነው። ባሕር አይነካውም፤ ብርዱም እንደ አሉሚኒየም አይነክስም፣ ሙቀት በዝግታ ስለሚያስተላልፍ። ውድ ነው፤ ለመላግም አስቸጋሪ ነው። በጣም የሚወዱት ዘንግ ካልሆነ አልመክርም።

ስቴንለስ "የማይዝግ" ቢባልም በባሕር ጨው ጥቃቅን ጉድጓዶች ያወጣል። 316 የሚባለው ዓይነት ሞሊብዲነም ስላለበት ከ304 በተሻለ ጨውን ይቋቋማል። ሻጩ ቁጥሩን መናገር ካልቻለ 304 ነው ብላችሁ አስቡ። ሙሉ መቀመጫ ከስቴንለስ መሥራት ክብደቱ ከንቱ ነው። ቆብና ቀለበት ላይ ግን ጥሩ ነው።

በክሮም የተለበጠ ናስ የድሮ ከባድ ዘንጎች ላይ ታገኛላችሁ። ክሮሙ እስካልተሰነጠቀ ድረስ ያገለግላል።

እንጨት ገላ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። የዘንግ ሥራ ልቤን የወሰደው በእንጨት ገላ ነው።

እንጨት ከሞተም በኋላ ይተነፍሳል። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በቁመቱ ለውጡ ከቁጥር አይገባም። በወርዱ ግን ይታያል። በወርዱም እኩል አይደለም፤ የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚሄደው ለውጥ ከመሃል ወደ ውጭ ከሚሄደው እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ክብ አድርጋችሁ የላጋችሁት እንጨት ሲያብጥ ክብ ሆኖ አይቀርም። በትንሹ እንቁላል ይሆናል። ላዩ ላይ የሚንሸራተት የብረት ቀለበት ካለ አንድ ቀን ይጠብቃል፣ አንድ ቀን ይላላል።

አንድ ጊዜ የዋልነት ገላ ሠርቼ ነበር። ውጭውን አምስት እጅ ቫርኒሽ ቀባሁ፤ እንደ መስታወት አበራ። የቀዳዳውን ጫፍና ውስጡን አልቀባሁም፤ ማን ያየዋል ብዬ። ከአንድ የዝናብ ወቅት በኋላ ዘንጉ ተመልሶ መጣ። ቫርኒሹ ሥር፣ ከጫፉ ጀምሮ ጣት የሚያህል ጠቆር ያለ እድፍ ወጥቷል። ከእድፉ መጨረሻ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይነሳል። ውሃው በተቆረጠው ጫፍ ነበር የገባው። እንጨት እንደ ቧንቧ ጥቅል ነው፤ ውሃ የሚጠጣው በአፉ ነው። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምቀባው የተቆረጠውን ጫፍ ነው። ቀጠን ያለ ኢፖክሲ አሞቅ አድርጌ፣ መጠጣት እስኪያቆም ድረስ እደጋግምለታለሁ። ውስጡን ደግሞ ማጣበቂያው ራሱ እንዲሸፍነው አደርጋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያወጣ አንድ ነገር አለ። "ስታቢላይዝድ" የሚባል እንጨት ነው። እንጨቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ አየሩ በቫኪዩም ይወጣና ቀጭን አክሪሊክ ሬዚን ይገባበታል። ከዚያ በሙቀት ይጠነክራል። መልኩ እንጨት ነው፤ ጠባዩ ግን ወደ ፕላስቲክ ይጠጋል። ብዙም አያብጥም። ይከብዳል። የተጠማዘዘ ጭረት ያለው፣ ጉጥ የበዛበት ውብ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ ልልና ተሰባሪ ስለሆነ ሬዚን ሳይጠጣ ቶርኖ ላይ ባይወጣ ይሻላል።

ቅባት ያላቸው ጠንካራ እንጨቶች፣ እንደ ሮዝውድ ያሉ፣ ውሃን በራሳቸው ይቋቋማሉ። ችግሩ ቅባቱ ማጣበቂያንም ይገፋል። ከማጣበቅ በፊት ውስጡን በአሴቶን ጥረጉት። አሴቶኑ እንደተነነ ወዲያው አጣብቁ፤ ብታሳድሩት ቅባቱ ተመልሶ ይወጣል።

ለባሕር እንጨት ትጠይቁኛላችሁ። ይቻላል። ስታቢላይዝድ ይሁን፣ ቆቡ ሃርድ አኖዳይዝድ አሉሚኒየም ወይም ታይታኒየም ይሁን። ልባችሁ እንጨቱ ላይ ካልሆነ ግን የካርቦን ገላ ወይም ሙሉ አሉሚኒየም ያሳርፋችኋል። የካርቦን ገላ ስትመርጡ በቆቡና በገላው መሃልም ማጣበቂያ መሙላቱን አትርሱ፤ ያው ባትሪ እዚያም አለ።

ቡሽ ላይ ሁለት ቀለበት ብቻ ያለበት ቀላል መቀመጫም አለ። ጥርስ የለውም፣ ዳዶ የለውም። ቀለበቱ በእግሩ ላይ ወጥቶ በመጥበቅ ብቻ ይይዛል። ለትንሽ ጅረትና ለቀላል ፍላይ ዘንግ ከዚህ የሚቀል የለም። ቡሹ ሲሟሽሽ ግን ይላላል። ለከባድ ሪል አይሆንም።

ክብደቱ የት ላይ ነው የሚወድቀው?

ክብደትን በቁጥር እንየው። አንድ ገላ 8 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ቁስ ቢፈጅ፣ በናይለን 11 ግራም ገደማ ይሆናል። በአሉሚኒየም 22። በታይታኒየም 36። በኒኬል ሲልቨር 70። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ግን ይህ ክብደት የሚወድቀው የት ነው? ስፒኒንግና ካስቲንግ ዘንግ ላይ የምትይዙት መቀመጫውን ራሱን ነው። ክብደቱ እጃችሁ ሥር ነው። ስለዚህ ጫፉ የከበደ ዘንግ በከባድ መቀመጫ አይስተካከልም፤ የምትሸከሙት ብቻ ይጨምራል። ሚዛኑን የሚያስተካክለው መቀመጫው የሚተከልበት ቦታ ነው። ወደ ፊት ባስጠጋችሁት ቁጥር ከእጃችሁ ኋላ የሚቀረው እጀታ ይረዝማል፤ ጫፉም ይቀላል።

ፍላይ ዘንግ ሌላ ነው። እጅ ቡሹን ይይዛል፣ መቀመጫው ከእጅ ኋላ ነው። እዚያ የመቀመጫው ግራም ከጫፉ ጋር ይመዛዘናል። ለረጅም ፍላይ ዘንግ ትንሽ ከበድ ያለ የብረት መቀመጫ ሊያሳርፍ ይችላል። ለአጭርና ቀላል ዘንግ ደግሞ የእንጨት ገላ ከስስ ቀለበት ጋር።

ከማጣበቃችሁ በፊት ሞክሩት። መቀመጫውን በፕላስተር ብላንኩ ላይ እሰሩ። ሪሉን ከነክሩ ግጠሙ። የክር ቀለበቶቹንም በቦታቸው በፕላስተር ለጥፉ። ከዚያ በምትይዙበት ቦታ በአንድ ጣት አንሡት። ወደ ፊት ከወደቀ፣ ቦታውን ለውጡና እንደገና። ይህ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ኢፖክሲ ከደረቀ በኋላ ግን መመለሻ የለም።

ቀዳዳውና መሙያው

ቁሱ ተመረጠ እንበል። አሁን ከብላንኩ ጋር መግጠም አለበት። ፉጂ የሚባለው አምራች መቀመጫዎች ላይ 16፣ 17፣ 18፣ 20 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። የውስጥ ቀዳዳውን ስፋት በሚሊሜትር በግምት ይጠቁማሉ። በግምት ስላልኩ በካሊፐር ለኩ።

ብላንክ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። የመቀመጫው ቀዳዳ ግን እኩል ነው። ስለዚህ ሁለት ቦታ ለኩ፤ የመቀመጫው ላይኛው ጫፍ የሚያርፍበትና የታችኛው ጫፍ የሚያርፍበት። ላይኛው 11.2 ሚሊሜትር፣ ታችኛው 12.4 ቢሆንና ቀዳዳው 16 ቢሆን፣ ከላይ በየጎኑ 2.4፣ ከታች 1.8 ሚሊሜትር ክፍተት አለ። ይህን ክፍተት የሚሞላ ነገር ያስፈልጋል።

ብዙዎች ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ይጠቀልላሉ። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዘንጎቼ ያንን አደረግሁ። መቀመጫውን እስኪሞላ ድረስ ከዳር እስከ ዳር ጠቀለልኩ፤ ጥብቅ ብሎ ስለገባ ተደሰትኩ። ከሁለት ወቅት በኋላ ዓሣ ይዤ እየጎተትኩ እያለ ሪሉ ከነመቀመጫው ወደ ጎን ዞረ። ስፈታው ወረቀቱ ጨቅይቶ እንደ ረጠበ ካርቶን ሆኗል። ማጣበቂያው ከመቀመጫው ወደ ብላንኩ የሚደርስበት መንገድ አልነበረውም። በመሃል ያለው ወረቀት ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር እጠቀማለሁ። ጠንካራ የፎም መሙያ ቀለበት፣ ቡሽ፣ ወይም የፋይበርግላስ መረብ ፕላስተር። መረቡ ቀዳዳ ስላለው ኢፖክሲ ይጠጣና ሁሉም አንድ አካል ይሆናል። ወረቀት ብቻ ካላችሁ፣ ቀጭን ቀጭን ቀለበት አድርጋችሁ፣ በመሃላቸው ከጣት የሚሰፋ ቦታ ትታችሁ ጠቅልሉ። ቦታው ሙሉ በሙሉ በኢፖክሲ ይሞላ። የሚይዘው ኢፖክሲው ነው፤ ወረቀቱ መቀመጫውን መሃል ላይ ከማቆም ያለፈ ሥራ የለውም።

የካርቦን ብላንክና የአሉሚኒየም መቀመጫ ከሆነ ክፍተቱ በጣም ጠባብ አይሁን። በግድ የሚገባ መቀመጫ ማጣበቂያውን ጠርጎ ያወጣዋል። ብረቱ ካርቦኑን ይነካል። የጓደኛዬ ዘንግ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ማጣበቅ

አምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ኢፖክሲ ተዉት። ይቸኩላል፣ ውሃና ሙቀትም ብዙ አይችልም። በቀስታ የሚደርቅ፣ ወፈር ያለ፣ 24 ሰዓት የሚፈልግ ይሁን። ሁለቱን ክፍል በአምራቹ መጠን ልክ ለኩ። በዓይን አትገምቱ። የተዛባ ድብልቅ ሲደርቅ እንደ ማስቲካ ይቀራል።

ብላንኩን መቀመጫው በሚሸፍነው ቦታ ብቻ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ። ልሙጡ ገጽ ይጥፋ፣ የካርቦኑ ወይም የመስታወቱ ጭረት ግን አይነካ። የአሉሚኒየም መቀመጫ ውስጡ አኖዳይዝድ ከሆነ ደብዘዝ እስኪል ብቻ፤ ቆዳውን አትጨርሱት። ራቁት አሉሚኒየም ካሻከራችሁ ግን አታሳድሩት። አየር ሲያገኘው ወዲያው አዲስ ኦክሳይድ ያወጣል። አሻክራችሁ፣ በአልኮል ጠርጋችሁ፣ አጣብቁ።

ጥርሶቹን አስቀድማችሁ ጠብቁ። እኔ ስስ ሰም እቀባቸዋለሁ፤ ኢፖክሲ ቢደርስባቸው አይዝም። ማጣበቂያውን ብላንኩ ላይም መቀመጫው ውስጥም ቀቡ። መቀመጫውን እያዞራችሁ በቀስታ አስገቡት። ማዞሩ አየሩን ያወጣል። ከታችኛው ጫፍ ማጣበቂያ ዙሪያውን እኩል ብቅ ሲል ተሞልቷል ማለት ነው። በአንድ ጎን ብቻ ከወጣ በሌላው በኩል ባዶ አለ። አውጡት፣ ጨምሩ፣ መልሱ። ይህን ለማድረግ አትስነፉ።

የተረፈውን በአልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉ። ሪሉን ግጠሙና ዘንጉን በጫፉ በኩል ተመልከቱ። ሪሉ ከክር ቀለበቶቹ መስመር ጋር እኩል መሆን አለበት። አስተካክላችሁ ሪሉን አውጡ። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ደግማችሁ እዩ፤ ኢፖክሲ ሳይጠነክር መቀመጫው በራሱ ክብደት ሊዞር ይችላል።

ለጓደኛዬ በመጨረሻ የተከልኩለት ግራፋይት መቀመጫ ነው፣ ቆቡ በስቴንለስ የተሸፈነ። የሚያጠምደው ከጨው ባሕር ዳርቻ ነው፤ የሚይዘው ዓሣ መካከለኛ ነው፤ ብላንኩ ካርቦን ነው። ያንን ሰማያዊ አሉሚኒየም ይወደው ስለነበር ትንሽ ቅር አለው። እኔም ከተሰነጠቀው መቀመጫ ደህናውን ክፍል አንድ ጣት ያህል ቆርጬ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሼ፣ እጀታው ታች ላይ ለጌጥ አስገባሁለት። በዚህ ጊዜ ከሥሩ ዙሪያውን ኢፖክሲ አለ። ከባሕር ሲመለስ ሪሉን ይነቅላል፣ ዳዶውን እስከ መጨረሻው ይፈታል፣ ጨው በሌለው ውሃ ያጥባል፣ ሪሉ ሳይገጠም ያደርቀዋል።